በየዓምዱ ስንተኛ? የማትሪክስ ደረጃ አወጣጥን የማፍጠን ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ሥራው እንዲህ ነው። 20,000 ረድፍና 5,000 ዓምድ ያለው ማትሪክስ አለኝ። ቁጥሮቹ ባለ 32 ቢት ፍሎት (ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች) ናቸው። እያንዳንዱ ቁጥር በዓምዱ ውስጥ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲቆጠር ስንተኛ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኩል የሆኑት የያዟቸውን ቦታዎች አማካይ ይወስዳሉ። 7፣ 3፣ 9፣ 3 የሚል ዓምድ ቢመጣ መልሱ 3፣ 1.5፣ 4፣ 1.5 ነው። ሁለቱ ሦስቶች 1ኛንና 2ኛን ቦታ አብረው ስለያዙ ለየራሳቸው 1.5 ደረሳቸው።

ደረጃው የሚያስፈልገኝ ለስፒርማን ኮሪሌሽን ነው፤ ኮሪሌሽን ሁለት ዓምዶች ምን ያህል አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ የሚለካ ቁጥር ነው። ቻርልስ ስፒርማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያቀረበው ሐሳብ አጭር ነው፦ ቁጥሮቹን በደረጃቸው ተካቸው፣ ከዚያ የተለመደውን ኮሪሌሽን አስላ። ሁሉንም የዓምድ ጥንዶች በአንዴ ለማግኘት ደግሞ የደረጃውን ማትሪክስ አማካዩን ቀንሶና አስተካክሎ በራሱ ትራንስፖዝ (ረድፉ ዓምድ፣ ዓምዱ ረድፍ በሆነበት ግልባጩ) ማባዛት ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ስለ ፍጥነቱ ማንም ባልተጨነቀ። ግን ውጤቱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ማየት አለብኝ፤ ለዚህ ቡትስትራፕ ያስፈልጋል። ብራድሊ ኤፍሮን እ.ኤ.አ. በ1979 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ከ20,000ው ረድፍ ውስጥ 20,000 ጊዜ ዕጣ ይወጣል፤ የወጣው ተመልሶ ይገባል። አንዳንዱ ረድፍ ሁለት ሦስቴ ይደርሰዋል። 37 በመቶ ያህሉ ጭራሽ አይወጣም። ከዚያ ደረጃውና ኮሪሌሽኑ እንደ አዲስ ይሰላል። ይህ ነገር በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ አንዷን ዙር ማሳጠር የግድ ነው።

ዛሬ የለካሁት ያለውን ኮድ ነው። ነምፓይና ሳይፓይ የፓይተን የስሌት ላይብረሪዎች ናቸው፤ የነምፓይ አፕላይ አሎንግ አክሲስ ደረጃ የሚያወጣውን የሳይፓይ ፋንክሽን፣ ራንክዴታን፣ በየዓምዱ እየጠራ ይሄዳል። ስሙን ያየ ሰው ማትሪክሱን በአንድ ጊዜ የሚሠራ ይመስለዋል። ውስጡ ግን ተራ የፓይተን ሉፕ ነው። 5,000 ዓምድ ማለት 5,000 ጥሪ ነው። ፕሮፋይለሩ (ጊዜው የት እንደሚሄድ የሚለካው መሣሪያ) የሚያሳየው ግልጽ ነው፦ ማባዛቱ ሁሉንም ኮር (የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍሎች) ይዞ ቶሎ ይጨርሳል፤ ደረጃ ማውጣቱ በአንድ ኮር ይንፏቀቃል። የዙሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላውም እሱ ነው።

ይህን ዘገምተኛ ኮድ አልጥለውም። መልሱ ትክክል ነውና ማመሳከሪያ ይሆነኛል። ከዛሬ ጀምሮ የምጽፈው ሁሉ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። ለዚህ ሆን ብዬ አስቸጋሪ ዓምዶች አዘጋጅቻለሁ፦ ሁሉም ቁጥር እኩል የሆነበት፣ ግማሹ ዜሮ የሆነበት፣ ኢንፊኒቲ በሁለቱም ምልክት የገባበት፣ አንድ ረድፍ ብቻ ያለው፣ አሉታዊ ዜሮ ከተራው ዜሮ ጋር የተቀላቀለበት፣ ናን («ቁጥር አይደለም» የሚል ልዩ ምልክት) ያለበት። ናን ላይ ያለኝ ደንብ ይህ ነው፦ የናን ደረጃ ናን ነው፤ የሌሎቹንም ቆጠራ አይነካም። ራንክዴታም በዚሁ ደንብ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ።

ሰኞ ማታ

ብዙ ሰው የሚያውቀው አቋራጭ አለ፦ አርግሶርትን ሁለት ጊዜ መጥራት። ለምን እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል፤ ቀጣዩ እርምጃ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

አርግሶርት የሚመልሰው ቅደም ተከተልን ነው። ደረጃ ሌላ ነገር ነው። የሩጫ ውድድርን እናስብ። የዳኛው መዝገብ «1ኛ የወጣው ማን ነው? 2ኛውስ?» ለሚለው ይመልሳል። ሯጩ ግን «እኔ ስንተኛ ወጣሁ?» ነው የሚለው። 7፣ 3፣ 9፣ 5 ለሚል ዓምድ መዝገቡ «2ኛ ረድፍ፣ 4ኛ ረድፍ፣ 1ኛ ረድፍ፣ 3ኛ ረድፍ» ይላል። ደረጃው ደግሞ 3፣ 1፣ 4፣ 2 ነው። አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው።

መዝገቡን መልሶ አርግሶርት ማድረግ ግልባጩን ይሰጣል። እውነት ነው። ግን ሁለተኛው ድርደራ ንጹሕ ብክነት ነው። የሚደረደሩት ከ1 እስከ 20,000 ያሉ ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ አሉ። የት እንደሚያርፉ አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ አንድ ጊዜ መራመድ ይበቃል። 1ኛ ቦታ ላይ 2ኛው ረድፍ ካለ፣ የ2ኛው ረድፍ ደረጃ 1 ይሁን ብሎ መጻፍ ነው። ቀጥሎ 4ኛው ረድፍ ካለ፣ የእሱ ደረጃ 2። ምንም ማነጻጸር የለም።

በቁጥር ሲታይ፦ 20,000 ነገሮችን በማነጻጸር ለመደርደር ወደ 286,000 ገደማ ንጽጽር ይጠይቃል። መራመዱ 20,000 ጽሑፍ ብቻ ነው። ነምፓይ ላይ ፑት አሎንግ አክሲስ የሚባለው ፋንክሽን ለሁሉም ዓምድ በአንዴ ይጽፍልናል። ማትላብ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ የየዓምዱን መነሻ በኢንዴክሱ ላይ ደምሮ በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል።

ሁለተኛውን ድርደራ ሳወጣ ጊዜው ወደ ግማሽ ተጠጋ። እኩል የወጡትን ግን ገና አላስተናገደም። አሁን ባለበት እኩል ቁጥሮች የተለያየ ደረጃ ያገኛሉ፤ ለስፒርማን ይህ አይሆንም።

ማክሰኞ

ዛሬ የሜሞሪ ቀን ነበር።

ነምፓይ ማትሪክስን ሲያስቀምጥ ረድፍ በረድፍ ነው። አንድ ረድፍ ተያይዞ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ሌላው። ዓምድ ለሚያነብ ሰው ይህ አይመችም። በእኔ ማትሪክስ ውስጥ አንድ ቁጥርና ከሥሩ ያለው ቁጥር በ20,000 ባይት ይራራቃሉ፤ 5,000 ዓምድ ሲባዛ በ4 ባይት። ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ የሚያመጣው ደግሞ በአብዛኛው በ64 ባይት ጥቅል ነው። አንድ ጥቅል 16 ፍሎት ይይዛል። ዓምድ ስናነብ ከ16ቱ አንዱን ተጠቅመን 15ቱን እንጥላለን።

ነምፓይ ይህን በከፊል ያውቃል። ዓምዱን ከመደርደሩ በፊት ወደ ተያያዘ ማቆያ ይገለብጠዋል፤ ድርደራው እዚያ ይካሄዳል። ስለዚህ ድርደራው ራሱ አይጎዳም። የሚጎዳው ግልበጣው ነው፤ ሲገባም ሲወጣም።

በዚህ ላይ የባሰ ሁኔታ አለ። የዓምዱን ብዛት ወደ 4,096 ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ። ማትሪክሱ ትንሽ ሆነ፤ ለአንድ ዓምድ የሚወስደው ጊዜ ግን ረዘመ። ምክንያቱ ካሹ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ ነው። የብዙ ፕሮሰሰሮች የመጀመሪያ ካሽ 32 ኪሎባይት ሲሆን በ64 መደብ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ መደብ 8 ጥቅል ይይዛል። ርቀቱ የ4,096 ባይት ብዜት ከሆነ የዓምዱ ቁጥሮች ሁሉ አንድ መደብ ላይ ይረባረባሉ። 9ኛው ሲመጣ አንዱ ይባረራል። የቀረው ካሽ ባዶውን ተቀምጦ እዚህ ግፊያ ነው። 2ን በራሱ ደጋግሞ በማባዛት የሚገኙ ስፋቶችን (1,024፣ 2,048፣ 4,096) የምትወዱ ሰዎች ይህን ብታውቁ ጥሩ ነው።

መፍትሔው አንድ ጊዜ መክፈል ነው። ማትሪክሱን ፋይሉ ሲጫን ጀምሮ ዓምድ በዓምድ እንዲቀመጥ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዓምድ ተያይዞ የተቀመጠ 80,000 ባይት ነው። ፎርትራን፣ ማትላብ፣ አር እና ጁሊያ ላይ ነገሩ ከመነሻው እንዲህ ስለሆነ ይህ ራስ ምታት የለም።

ረቡዕ

እኩል የወጡትን ማስተናገድ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የተደረደረው ዓምድ ላይ ስንራመድ እኩል ቁጥሮች ጎን ለጎን ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቦታ እና የመጨረሻው ቦታ ተደምረው ለ2 ይካፈላሉ። ውጤቱ ለሁሉም ይሰጣል። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ያሉት እኩል ከሆኑ ሁሉም 6.5 ናቸው።

መጀመሪያ ይህን በነምፓይ ብቻ፣ ሉፕ ሳልጽፍ ሠራሁት። ከጎረቤቱ የሚለየው የት ነው የሚል ምልክት፣ የምልክቱ ድምር፣ የየቡድኑ መነሻና መጨረሻ፣ አማካዩ፣ ከዚያ መልሶ መበተን። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን እያንዳንዷ እርምጃ የማትሪክሱን ያህል ጊዜያዊ አሬይ ትፈጥራለች። ማትሪክሱ 100 ሚሊዮን ቁጥር ነው፤ በ32 ቢት 400 ሜጋባይት። አርግሶርት የሚመልሰው ኢንዴክስ ደግሞ በ64 ቢት ማሽን ላይ ባለ 64 ቢት ስለሆነ 800 ሜጋባይት ነው። እነዚህን ከሜሞሪ ወደ ፕሮሰሰር፣ ከፕሮሰሰር ወደ ሜሞሪ ማመላለስ ብቻውን ጊዜውን ጨረሰው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጉዞው ነው ከባድ።

ስለዚህ አቅጣጫ ቀየርኩ። ሁሉንም ዓምድ በአንድ እርምጃ ከማስኬድ፣ አንዱን ዓምድ በሁሉም እርምጃ ማስኬድ። አንድ ዓምድ ሙሉ ሥራው እስኪያልቅ ካሽ ውስጥ ይቆያል። ይህን በፓይተን ሉፕ መጻፍ በጣም ያዘገያል፤ ነምባ በሚባለው የፓይተን ኮምፓይለር ግን ያዋጣል። ነምባ ሉፑን ወደ ማሽን ኮድ ይለውጠዋል። ውስጡ ያለው ደረቅ ኮድ ነው፦ ቀጣዩ እኩል እስከሆነ ድረስ ሂድ፣ ሲለይ አማካዩን ጻፍ። ለማንበብም ከነምፓዩ ይቀላል።

ደረጃውን በስንት ቢት ላስቀምጥ የሚለውንም ዛሬ ወሰንኩ። ግማሽ ስላለ ፍሎት ያስፈልጋል። ባለ 32 ቢት ፍሎት ሙሉ ቁጥሮችን ያለ ስህተት እስከ 16,777,216 ይይዛል፤ ግማሾችን እስከ 8,388,608። የእኔ ትልቁ ደረጃ 20,000 ነው። ባለ 64 ቢት ማድረግ ሜሞሪውን በከንቱ እጥፍ ማድረግ ነው።

መሃል ላይ ለማስተያየት ዝግጁ የሆኑትንም ሞከርኩ። ፓንዳስ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ያለው ራንክ ውስጡ ኮምፓይል የተደረገ ስለሆነ ከሰኞው ኮድ በብዙ ይሻላል። አር ላይ ደግሞ ማትሪክስስታትስ የሚባለው ጥቅል ኮልራንክስ የሚል ፋንክሽን አለው። አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ደረጃ ለሚያወጣ ሰው እነዚህ ይበቃሉ፤ ከዚህ በታች ያለው ልፋት አያስፈልገውም።

ሐሙስ

ዓምዶቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። አንዱ የሌላውን መልስ አይጠብቅም። በብዙ ኮር ለማካፈል ከዚህ የተመቸ ሥራ የለም። የነምባን ሉፕ ፓራለል አደረግኩት፤ ኮሮቹ በሙሉ ተነሱ።

ሁለት ነገር ልጻፍ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) የራሱ ማቆያ ሊኖረው ይገባል፤ በየዓምዱ አዲስ ሜሞሪ መጠየቅም ይከብዳል። አንዴ ተጠይቆ ደጋግሞ መጠቀም ነው። ሁለተኛ፣ ውጤቱ የሚጻፍበት አሬይ ረድፍ በረድፍ የተቀመጠ ከሆነ ጎረቤት ዓምዶች አንድ የ64 ባይት ጥቅል ይጋራሉ። አንድ ኮር ዓምድ 7ን፣ ሌላው ዓምድ 8ን ሲጽፍ ያንኑ ጥቅል እየተናጠቁ ይጓተታሉ። የሁለቱ መረጃ ግን ጭራሽ አይገናኝም። የማክሰኞው ለውጥ ይህንንም አስቀርቶልኛል፤ የየዓምዱ ውጤት በራሱ ሰፈር ነው የሚያርፈው።

ቅዳሜ

ይህን ቀን በደንብ ልጽፈው ነው፤ ከሁሉም የወደድኩት ክፍል ነውና።

አሁን ፕሮፋይሉን ሳይ የቀረው ጊዜ ከሞላ ጎደል አርግሶርት ነው። ተራው ሶርት ተመሳሳይ ዓምድ ላይ ከአርግሶርት ይፈጥናል። ለምን? ሶርት ቁጥሮቹን ራሳቸውን ያንቀሳቅሳል፤ የሚያነጻጽራቸው ፊቱ ላይ ናቸው። አርግሶርት የሚያንቀሳቅሰው ኢንዴክሶችን ነው። ሁለት ኢንዴክስ ለማነጻጸር ሁለቱም የሚጠቁሙበት ቦታ ሄዶ ቁጥሩን ማየት አለበት። ቦታው ደግሞ የተበታተነ ነው። በየንጽጽሩ ዝላይ፣ 286,000 ጊዜ፣ በ5,000 ዓምድ። በአንድ ዙር ወደ 1.4 ቢሊዮን ንጽጽር ማለት ነው።

ታዲያ ቁጥሩና ኢንዴክሱ አብረው ቢጓዙስ? ቁጥሩ 32 ቢት ነው። የረድፉ ቁጥርም በ32 ቢት ይገባል። ሁለቱ በአንድ ባለ 64 ቢት ሙሉ ቁጥር ይታሸጋሉ፤ ዋጋው ላይኛው ግማሽ፣ ረድፉ ታችኛው ግማሽ። ከዚያ ተራ ሶርት። ላይኛው ግማሽ ስለሚቀድም ድርደራው በዋጋው ነው። ዋጋው እኩል ከሆነ የረድፉ ቁጥር ይወስናል፤ ስለዚህ እኩሎቹ በመጀመሪያ ቅደም ተከተላቸው ይቀመጣሉ። ሶርቱ ሲያልቅ ታችኛው ግማሽ መዝገቡ ነው። ላይኛውን ግማሽ ከጎረቤቱ ጋር ማየት ደግሞ እኩል የወጡትን ይነግረናል። ወደ ዋናው መረጃ መመለስ የለም።

አንድ ነገር ይቀራል። ላይኛው ግማሽ ፍሎት ነው፤ ሶርቱ የሚያየው ግን ሙሉ ቁጥር ነው። የፍሎት ቢቶች እንደ ሙሉ ቁጥር ሲነበቡ ቅደም ተከተላቸው ይጠበቃል? አይኢኢኢ 754 በተባለው የፍሎት አጻጻፍ ስምምነት መሠረት አወንታዊ ከሆኑ አዎ። ምልክቱ፣ ከዚያ ኤክስፖነንቱ፣ ከዚያ የቀረው ክፍል ስለሚከተል ትልቁ ቁጥር ትልቅ ሆኖ ይነበባል። አሉታዊ ከሆኑ ተገላቢጦሽ ነው፤ በተጨማሪም የምልክት ቢታቸው 1 ስለሆነ ከአወንታዊዎቹ በላይ ይወጣሉ። ማስተካከያው አጭር ነው። አወንታዊ ከሆነ የምልክት ቢቱን 1 ማድረግ። አሉታዊ ከሆነ ሁሉንም ቢት መገልበጥ። ከዚህ በኋላ ከአሉታዊ ኢንፊኒቲ እስከ አወንታዊ ኢንፊኒቲ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ማመሳከሪያውን አስኬድኩ። ሁለት ዓምዶች ወደቁ።

የመጀመሪያው አሉታዊ ዜሮ ያለበት ነው። -0.0 እና 0.0 እንደ ቁጥር እኩል ናቸው፤ ቢታቸው ግን ይለያል። ከማስተካከያው በኋላ ጎን ለጎን ግን የተለያዩ ቁልፎች ይሆናሉ። ስለዚህ እኩል መውጣት የነበረባቸው ዜሮዎች ለሁለት ተከፈሉ። መድኃኒቱ ከማሸግ በፊት ለእያንዳንዱ ቁጥር 0.0 መደመር ነው። በተለመደው አጠጋግ -0.0 ሲደመር 0.0 መልሱ 0.0 ነው፤ ሌላው ቁጥር አይነካም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የነምባ ፋስትማዝ (ለፍጥነት ሲባል የፍሎት ደንቦችን የሚያላላው ምርጫ) ከበራ ኮምፓይለሩ «ዜሮ መደመር ትርጉም የለውም» ብሎ መስመሩን ሊያጠፋው ይችላል። እዚህ ፋይል ውስጥ ፋስትማዝ አይበራም። ከኮዱ በላይ ጽፌዋለሁ።

ሁለተኛው ናን ነው። ናን ከኢንፊኒቲ በላይ፣ መጨረሻ ላይ እንዲያርፍ ነበር የፈለግኩት። ግን ናንም የምልክት ቢት አለው። ኤክስ86 ፕሮሰሰሮች ላይ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል የሚወጣው ናን የምልክት ቢቱ 1 ነው። ማስተካከያው አሉታዊ መስሎት ከአሉታዊ ኢንፊኒቲ በታች፣ ዓምዱ አናት ላይ አስቀመጠው። የሁሉም ሰው ደረጃ ተንሸራተተ። አሁን ናን የሆነ ሁሉ፣ ምልክቱ ምንም ይሁን፣ ቁልፉ 32ቱም ቢት 1 የሆነ ይሰጠዋል። እውነተኛ ቁጥር ይህን ቁልፍ ሊያገኝ አይችልም። የመራመዱ ሉፕ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ለቀሩት ናን ይጽፋል።

ሁሉም ዓምዶች አለፉ።

አሁን ሶርቱ በየትኛው ይሠራ? ነምባ ውስጥ ሶርት ብሎ ቢጠራ የሚሠራው የነምባ የራሱ ኮድ ነው፤ የነምፓይ አይደለም። የነምፓዩን እፈልገዋለሁ፤ ምክንያት አለኝ። ነምፓይ ከ1.25 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2023፣ ኤቪኤክስ-512 የሚባሉት ብዙ ቁጥር በአንዴ የሚያስተናግዱ ትእዛዞች ያሉት ፕሮሰሰር ሲያገኝ 8 ባለ 64 ቢት ቁጥሮችን በአንድ ትእዛዝ እያስተናገደ ይደረድራል። የነምፓይ ገንቢዎች ለባለ 64 ቢት ሶርት እስከ 9 እጥፍ፣ ለአርግሶርት እስከ 6 እጥፍ ፍጥነት ጨመርን ብለዋል። ሶርቱ ከአርግሶርቱ የበለጠ ያተረፈው በዚያው በዝላዩ ምክንያት ነው ብዬ አስባለሁ። ሌላው ጥቅሙ፦ በዘፈቀደ የተቀላቀለ መረጃ ላይ ተራ ንጽጽር ሲደረግ ፕሮሰሰሩ «የቱ ይበልጣል» የሚለውን ቀድሞ መገመት አይችልም፤ ግምቱ በከሸፈ ቁጥር ከ10 በላይ ዑደት ይባክናል። የ8 በ8 አሠራር ይህን ግምት አይፈልግም።

ስለዚህ ሥራውን በሦስት ከፈልኩት። ነምባ ያሽጋል፣ ነምፓይ ይደረድራል፣ ነምባ ፈትቶ ደረጃ ይጽፋል። ይህ ለ8 ዓምድ በአንድ ጊዜ ይደረጋል፤ ማቆያው 1.28 ሜጋባይት ነው። ከዚህ በላይ ሲሆን ካሽ ውስጥ አይቆይም፤ ከዚህ በታች ሲሆን የፓይተን ጥሪው ይበዛል። በትሬድ ለማካፈል አልተቸገርኩም። ነምፓይ ሶርት ሲያደርግ የፓይተንን ቁልፍ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲሠራ የሚያስገድደውን መቆለፊያ) ይለቃል፤ የነምባዎቹንም እንዲለቁ ማዘዝ ይቻላል። ስለዚህ ተራ የፓይተን ትሬዶች እውነተኛ ጎን ለጎን ሥራ ይሠራሉ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከሐሙሱ ጋር ሲነጻጸር ደረጃ ማውጣቱ አሁን ከማባዛቱ በታች ወርዷል።

እሑድ

አጭር ማስታወሻ። ኤቪኤክስ-512 የሌለው ላፕቶፕ ላይ የራዲክስ ድርደራ ሞከርኩ። ሃሮልድ ሴዋርድ እ.ኤ.አ. በ1954 ለኮምፒውተር ያበጀው ዘዴ ነው። ማነጻጸር የለበትም። ቁልፉ በ11፣ 11 እና 10 ቢት ይከፈላል፤ ከታችኛው ቢት ተነስቶ ሦስት ጊዜ ማሰራጨት ነው። የመቁጠሪያው ሠንጠረዥ 2,048 ክፍል ብቻ ስላለው በመጀመሪያው ካሽ ይገባል። የረድፉን ቢቶች መደርደር አያስፈልግም፤ ዘዴው እኩሎችን አያዛባምና ቅደም ተከተላቸውን እንደጠበቁ ይወጣሉ። በዚያ ላፕቶፕ ላይ ራዲክሱ ቀደመ። በትልቁ ማሽን ላይ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ሁለቱንም አስቀምጬ ፕሮሰሰሩን አይቶ እንዲመርጥ አደረግኩ።

ማክሰኞ

ሶርቱ ራሱ ፈጠነ። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ፦ በየዙሩ ለምን እንደረድራለን?

ቡትስትራፕ አዲስ ቁጥር አያመጣም። ያሉትን ረድፎች ይደጋግማል ወይም ይተዋል። በዋናው መረጃ ውስጥ 3 ከ5 በታች ከሆነ በየትኛውም ዙር 3 ከ5 በታች ነው። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። የሚለወጠው እያንዳንዱ ረድፍ ስንት ጊዜ እንደወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናውን ማትሪክስ አንዴ ደርድሮ መዝገቡን ማስቀመጥ ነው። በየዙሩ መዝገቡ ላይ መራመድ ብቻ ይቀራል፤ እስካሁን ስንት እንዳለፈ እየቆጠሩ።

በምሳሌ። ዓምዱ 7፣ 3፣ 9፣ 5 ነው፤ መዝገቡም 2ኛ፣ 4ኛ፣ 1ኛ፣ 3ኛ ረድፍ። በዕጣው 1ኛው ረድፍ 2 ጊዜ፣ 2ኛው ምንም፣ 3ኛው 1 ጊዜ፣ 4ኛው 1 ጊዜ ወጣ። መራመድ እንጀምር። 2ኛው ረድፍ አልወጣም፤ ይታለፋል። 4ኛው ረድፍ 1 ጊዜ ወጥቷል፤ ከፊቱ ማንም የለም፤ ደረጃው 1። 1ኛው ረድፍ 2 ጊዜ ወጥቷል፤ ከፊቱ 1 አለ፤ 2ኛና 3ኛ ቦታን ይይዛል፤ ደረጃው 2.5። 3ኛው ረድፍ ከፊቱ 3 አለ፤ ደረጃው 4። በዕጣው የወጣውን 7፣ 7፣ 9፣ 5 በቀጥታ ብንደረድረው የምናገኘው ይኸው ነው። በዋናው መረጃ ውስጥ እኩል የነበሩ ረድፎች ካሉ ቁጥራቸው ተደምሮ እንደ አንድ ቡድን ይታያል።

የማነጻጸር ሥራ ጠፋ። 1.4 ቢሊዮን ንጽጽር የነበረው በዙር 100 ሚሊዮን እርምጃ ሆነ። እርምጃው ደግሞ ቀላል ነው።

ረቡዕ

መዝገቡን ማሳነስ። ባለ 64 ቢት ኢንዴክስ 800 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በየዙሩ ያን ሁሉ ማንበብ ይከብዳል። 20,000 ግን በ15 ቢት ይገባል፤ በ15 ቢት እስከ 32,767 መጻፍ ይቻላልና። ስለዚህ መዝገቡን በባለ 16 ቢት ቁጥር አስቀመጥኩት። የተረፈችው አንዷ ቢት «ከቀዳሚው ጋር እኩል ነው» የሚል ምልክት ሆነች። ጠቅላላው 200 ሜጋባይት ነው። በመራመዱ ጊዜ የመጀመሪያው ማትሪክስ አይነካም።

የዕጣው ቆጠራም በ8 ቢት ይቀመጣል። አንድ ረድፍ በአማካይ 1 ጊዜ ስለሚወጣ 255ን የሚያልፍበት ዕድል የለም ማለት ይቻላል፤ ቢያልፍ የሚጮህ ማረጋገጫ አስገብቻለሁ። 20,000 ባይት የመጀመሪያው ካሽ ውስጥ ይገባል። የተበታተነው ንባብ የሚካሄደው እሱ ላይ ስለሆነ ይህ በጣም ጠቅሟል።

ያላሰብኩት ትርፍም መጣ። ሁለት ጊዜ የወጣ ረድፍ ሁለት ጊዜ መጻፍ የለበትም። ደረጃውን በብዛቱ ስኩዌር ሩት አባዝቶ አንዴ ማስቀመጥ ይበቃል፤ በማባዛቱ ጊዜ ሁለቱ ሩቶች ተገናኝተው ብዛቱን ይሰጣሉ። አማካዩ 10,000.5 ግን ከዚያ በፊት መቀነስ አለበት። ያልወጡት ረድፎች ደግሞ ጭራሽ ከማትሪክሱ ይቀራሉ። በማትሪክሱ ውስጥ የሚቆዩት 12,600 ገደማ ረድፎች ናቸው። ማባዛቱም በዚያው ልክ ቀለለ።

ገደቡን ልጻፍ። ይህ ሁሉ ናን የሌለባቸው ዓምዶች ላይ ነው። ናን ካለና ጥንድ በጥንድ ሁለቱም ያላቸውን ረድፎች ብቻ መውሰድ ከተፈለገ የአንድ ዓምድ ደረጃ ከማን ጋር እንደተጣመረ ይለያያል። አንድ ማባዛት አይበቃም። እንዲህ ያሉትን ዓምዶች ለይቼ በቀርፋፋው መንገድ እልካቸዋለሁ፤ ጥቂት ናቸው።

ሐሙስ

ማመሳከሪያው በሙሉ አልፏል። የቡትስትራፑን ውጤት ያመሳከርኩት ረድፎቹን በእርግጥ ደጋግሞ ከሚጽፈውና በራንክዴታ ደረጃ ከሚያወጣው ኮድ ጋር ነው። ደረጃዎቹ ሙሉ በሙሉ አንድ ናቸው። ሁሉም ሙሉ ወይም ግማሽ ስለሆኑ ትንሽ ልዩነት እንኳ አይፈቀድም፤ ማረጋገጫውም «ይቀራረባሉ» ሳይሆን «እኩል ናቸው» ብሎ ነው የሚፈትሸው።

ፕሮፋይሉ ላይ አሁን ደረጃ ማውጣት ቀጭን መስመር ነው። የቀረው በሙሉ ማባዛት ነው። እሱ ላይ ሁለት ሥራ ተይዟል። ውጤቱ ሲሜትሪክ (ሁለቱ ግማሾቹ አንድ ዓይነት) ስለሆነ ከ25 ሚሊዮኑ ቦታ 12,502,500ው ብቻ ቢሰላ ይበቃል፤ ለዚህ ብላስ በሚባለው የማትሪክስ ስሌት ላይብረሪ ውስጥ የተሰናዳ ፋንክሽን አለ። ከዚያ ደግሞ ትክክለኛነቱ። አማካዩ የተቀነሰለት ደረጃ እስከ 10,000 ይደርሳል፤ ራሱ በራሱ ሲባዛ 100 ሚሊዮን ነው፤ ያን በሺዎች እየደመሩ በባለ 32 ቢት መሄድ የታችኞቹን አሃዞች ይበላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓምድ ከማባዛቱ በፊት ርዝመቱ 1 እንዲሆን ይካፈላል። ማካፈያው በባለ 64 ቢት ይሰላል።